«ልጄን ለቀበሮ ዘበኛ አልሰጥም!»

ዛሬ ስለ ቅናትና ስለ ቤት ኪራይ ጭቅጭቅ አላወራችሁም። ይዣችሁ የምሄደው ጎጃም ነው፤ አማኑኤል። አማቾች ግን መሀል መግባታቸው አይቀርም። አማች የማይገባበት ጨዋታ የት አለ?

ጉዳያችን እንጀራ ነው። ያውም ብዙዎቻችን እንጀራ መሆኑን የማናውቀው እንጀራ… የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ! «እሱ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» ያላችሁ ካላችሁ አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። አማኑኤል ውስጥ አንዲት እናት በዚሁ ምክንያት ለልጃቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ከቤታቸው መልሰዋል።

ከተማዋ

ጎጃም ውስጥ አማኑኤል ተብሎ የሚጠራው ቦታ አንድ ብቻ አይደለም፤ ታቦቱ ያለበት ሁሉ በስሙ ይጠራል። እኔ የምላችሁ የማቻክል ወረዳ ከተማ የሆነችውን ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ የአባይን በረሃ ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ደብረ ማርቆስ ናችሁ። ከዚያ በባሕር ዳሩ አስፋልት ወደ ደምበጫ ጥቂት ስትገፉ አማኑኤል ትመጣለች። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሾፌሩ ሻይ ካላማረው ወይ ጎማ ካልተነፈሰ ማንም አይወርድባትም።

እኔ የወረድኩት በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ማሳው ላይ ቃርሚያ ብቻ ቀርቶ፣ ነፋሱ አቧራ የሚያነሳበት ወቅት ነበር። ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ባሕር ዛፍ ነው። ጓሮው ባሕር ዛፍ፣ የወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ፣ የእርሻው ድንበር ባሕር ዛፍ! አስፋልቱ ዳር አጠና ተከምሮ አይሱዙ ይጠብቃል። «ባሕር ዛፍ ባንክ ነው፤ ሲቸግርህ ትቆርጣለህ» አሉኝ አንድ አባወራ። እውነታቸውን ነው። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ ፍራሽና ሻንጣ ሲገዛ፣ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ታዲያ በዚሁ በባሕር ዛፍ ገንዘብ ተምሮ የተመለሰ ልጅ፣ አባቱን «እስቲ ከምንጩ ዙሪያ ያለውን እንኳ እናንሳው፣ ውሃውን እየጠጣው ነው» ሲላቸው ምን እንደሚሆን አስቡት። የሰማሁት ጠብ የጀመረው እንዲህ ነው።

ልጁ፣ ልጅቷና እናቷ

ልጁ ያን ጊዜ 26 ዓመቱ ነበር። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ዲግሪ አለው። ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጠ። ከዚያ በአንድ ገጠር ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆነ። እንደምታውቁት በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ሦስተኛው እሱ ነበር። በበጋ ገበሬው ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ፣ ገመድና ሜትር ይዞ እርከኑን የሚያስቀይሰው እሱ ነው። ሕዝቡ የሚቆፍረው ያለ ክፍያ ስለሆነ፣ የሚረገመውም እሱ ነው!

በዚያው ሰሞን ከአንድ ብሔራዊ ፓርክ የሥራ ጥሪ መጣለት። ልጁ በደስታ አበደ፤ አባቱ አዘኑ። «ዲግሪ ይዞ ጫካ ሊገባ?» አሉ። በእኛ አገር ጫካ ገባ ማለት ሸፈተ ማለት ነው እኮ!

የባሰው ግን የልጅቷ ቤት ነው። ልጅቷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። አራት ዓመት ተዋደዋል። ሽማግሌ ሲላክ፣ እናቷ ሰዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ ቡናቸውን አጠጥተው፣ እንዲህ አሉ አሉ፦ «ልጄን ለአስተማሪ እሰጣለሁ። ለነጋዴ እሰጣለሁ። ለገበሬም እሰጣለሁ። ለቀበሮ ዘበኛ ግን አልሰጥም! እኛ ከበጋችን ላይ ስናባርረው የኖርነውን አውሬ፣ እሱ ተምሮ ሊጠብቀው ይሄዳል?»

ሳቃችሁ አይደል? እኔም ስሰማው ስቄያለሁ። ረጋ ብላችሁ ስታስቡት ግን እኒህ እናት ሞኝ አይደሉም። ደመወዙ ትንሽ፣ አገሩ ሩቅ፣ ልጃቸው ከወለደች በኋላ ብቻዋን የምትቀር… እናት ይህን ቢያሰላ ምን ይገርማል? ችግሩ፣ የልጁን ሥራ ምንነት ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ልጁን «እኔም አላውቀውም፤ እስቲ አስረዳኝ» አልኩት። «በቃል አይሆንም፤ ና ላሳይህ» አለኝ።

ጮቄ ላይ

ከአማኑኤል ሆናችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብታዩ፣ ሰማዩን የተደገፈ የሚመስል ጋራ አለ። ጮቄ ነው። ከጀርባው ሞጣ፣ በምሥራቅ ጎኑ ቢቸና አሉ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጨሞጋ፣ ተምጫ፣ ሙጋ፣ ሱሃ… ሁሉም ከእሱ ጉያ ወጥተው አባይ የሚገቡ ናቸው። ምሁራኑ «የአባይ የውሃ ማማ» ይሉታል።

ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሰን፣ በታጨቀ ሚኒባስ ወደ ስናን ወረዳ ከተማ ወደ ሮብ ገበያ ወጣን። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ገበያው ደርቷል። ድንች በጆንያ፣ ገብስ በቁና፣ በግ በገመድ። ፀሐይ እያለ እንኳ ብርዱ አጥንት ይገባል። ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በልተን፣ ወደ ድጓ ጽዮን በሚያሻግረው መንገድ ሽቅብ ቀጠልን።

ውድ አንባብያን፣ ጮቄ ያምራል። ግን ከሁሉ በፊት የምታዩት እርሻ ነው። እርሻው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንም ይወጣል! ገብሱና ድንቹ እስከ 3,800 ሜትር ድረስ ደርሰዋል። አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ በሴቶች ጀርባ ወደ ገበያ ይወርዳል። ጅባራው እዚህም እዚያም ለብቻው ቆሟል፤ ዘመዶቹ አልቀውበት የቀረ ሽማግሌ ይመስላል።

አንድ እውነተኛ ሽማግሌም አገኘን። በግ ያግዱ ነበር። ልጁ ሰላም ብሏቸው፣ «አባባ፣ እዚህ ቀይ ቀበሮ ያውቃሉ?» አላቸው።

«በልጅነቴ ነበር። ቀይ ነው፤ ጭራው ጫፉ ላይ ይጠቁራል። ጓሳው ውስጥ አድፍጦ አይጥ ይይዛል» አሉ።

«አሁንስ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል ልጄ? እርሻው ከታች ወደ ላይ መጣ። እሱም ወደ ላይ ሸሸ። ከተራራው በላይ ደግሞ ምን አለ?» ብለው በበትራቸው ሰማዩን አሳዩን።

ከዚህ በላይ ማስረጃ የት ይገኛል? የጮቄ ቀይ ቀበሮ ጠፍቷል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። በአገሪቱ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። በአማራ ክልል በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ይገኛሉ። ደግሞ የበግ ሌባ የሚባለው ያለ ስሙ ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ግልገል የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። እውነተኛው ጠላቱ እርሻና ውሻ ነው። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፍበታል፤ በሽታው አንዴ ከገባ መንጋውን ሙሉ ይጨርሳል።

«የእኔ ሥራ ይኸውልህ» አለኝ ልጁ። «ሰው ጮቄ ላይ ቀበሮው ሲያልቅ ቆጥሮ አልጮኸም። ሌላው ጋራ ላይ ግን አሁን የሚቆጥር አለ። እኔ ከቆጣሪዎቹ አንዱ መሆን ነው የምፈልገው።»

ደግነቱ ጮቄም ጨርሶ አልተረሳም። በአካባቢው የተቋቋመውን የኢኮ ቱሪዝም መንደር የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጋራውን ለማሳየት የአካባቢው ልጅ ያስፈልጋል ማለት ነው። እሱም ሥራ ነው።

በሞጣና በቢቸና በኩል

እኔ ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት በመጣሁበት አይደለም። በድጓ ጽዮን በኩል ወደ ሞጣ ወርጄ፣ በቢቸና አድርጌ ደጀን ወጣሁ። በዚህ መንገድ ስትሄዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሜዳው ሁሉ ጤፍና ስንዴ የተነሳበት ባዶ ማሳ ነው። እዚህና እዚያ ግን ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክብ ይታያችኋል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ኮሶው እዚያ አለ፤ ወፉም ጉሬዛውም ተሰዶ እዚያ ገብቷል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የምናውቃት ዲማ ጊዮርጊስም በቢቸና በኩል ናት።

እነዚህ ክቦች የአንድን ሰው ሙያ ሠርተዋል። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የደን ተመራማሪ የሰሜን ኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሆላንድ ከሚገኘው ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። ከዚያ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉ አሜሪካዊት ሳይንቲስት ጋር ሆነው፣ በደቡብ ጎንደር ቀሳውስቱንና ምእመናኑን አስተባብረው፣ ደኖቹን በድንጋይ ካብ ማሳጠር ጀመሩ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ላይ የሚለቀም ነው። ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል፣ ከብት አይገባም፣ ችግኙ ይበቅላል። አያችሁ፣ እውቀቱ ከሆላንድ ቢመጣም መፍትሔው ከገበሬው ማሳ ተገኘ!

መንዝ ጓሳንም ተመልከቱ። የመንዝ ሰው ጓሳውን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ቆይቶ በራሱ ኮሚቴ መለሰው። ዛሬ ጭላዳውም ቀበሮውም እዚያ አለ። ከመንዝ ገበሬ ልጆችም ጥበቃ የሆነ፣ እንግዳ ተቀባይ የሆነ፣ ለተመራማሪ ረዳት የሆነ አለ።

ከአገር ውጭ ካላችሁኝ፣ ኬንያዊቷን ዋንጋሪ ማታይን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሴቶችን ችግኝ በማስተከል ጀመሩ፤ በ2004 የሰላም ኖቤል ሽልማት ወሰዱ። እሳቸውንም «ዛፍ ተካይ ሴትዮ» እያሉ የሳቁባቸው ነበሩ።

መራራው

ማሩን ብቻ ነግሬያችሁ ብለያችሁ ደግ አይደለም። ይህ ሥራ መራራ አለው።

አንደኛ፣ ከሰው ጋር ያጣላል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 «አደጋ ላይ ያሉ» ከሚባሉት ተራ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለዋልያው ደስታ ነው። ከአያቱ መሬት ለተነሳው ገበሬስ? የጥበቃ ባለሙያ በዚህ መሀል ቆሞ የሁለቱንም ዓይን ማየት አለበት።

ሁለተኛ፣ አደጋ አለው። በአገራችን ፓርኮች በሥራ ላይ እያሉ የተገደሉ ጠባቂዎች አሉ። ሦስተኛ፣ ሰላም ሲጠፋ ቀድሞ የሚደርቀው የጎብኚ እንጀራ ነው።

ልጁም ይህን አየው። የእናትየውን እምቢታ ይዞ፣ በ2015 መጋቢት ወደ ሥራው ሄደ። በሐምሌ መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ግጭት ተነሳ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ተዘጋ። ጎብኚ ቀረ። ስልኩ አንድ ሳምንት ይሠራል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ልጅቷ አማኑኤል ሆና በየቀኑ ትደውላለች። ባልደረቦቹ አንዳንዶቹ ጥለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? እሱ ቀረ። ደመወዝ ሲዘገይ በዱቤ እየበላ፣ ከአካባቢው ጠባቂዎች ጋር እየወጣ መቁጠሩንና መመዝገቡን ቀጠለ።

በ2017 ጥር ሽማግሌዎቹ እንደገና ተላኩ። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ከልጅቷ በስልክ ነው። እናትየው ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ደመወዙ ዛሬም ትንሽ ነው አሉ። አገሩም እንደራቀ ነው። ነገር ግን በክፉ ቀን አውሬውን ጥሎ ያልመጣ ሰው፣ ልጄን ጥሎ አይሄድም» አሉ።

ሰርጉ ትንሽ ነበር፤ ዘመኑ ለትልቅ ሰርግ አይመችም። ልጅቷ ወደ እሱ አገር ዝውውር ጠይቃ እየጠበቀች ነው። አባትየው ደግሞ በምንጩ ዙሪያ ያለውን ባሕር ዛፍ ቆረጡት። «ለሰርጉ ወጪ ነው እንጂ ለምንጩ ብዬ አይደለም» ይላሉ። ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ግን እየነቀሉት ነው አለችኝ።

እንግዲህ ምክር

ለወጣቶች፦ «ተፈጥሮ እወዳለሁ» ማለት ብቻውን ሥራ አያስይዝም። በሩ ግን ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው።

ከ12ኛ ክፍል በላይ ላልገፋችሁ፣ የፓርክ ጠባቂነት (ስካውት የሚባለው) አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ተወላጅ ይቀጠራል። ጎብኚ ባለበት አስጎብኚነት፣ የበቅሎ ኪራይና ምግብ አብሳይነት አለ። የችግኝ ጣቢያ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 እንደተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ያሉ ድርጅቶች ቀበሮ የሚከታተሉና የመንደር ውሻ የሚያስከትቡ የአካባቢ ልጆችን ያሠራሉ። ውሻ ማስከተብ ቀበሮን ማዳን ነው፤ የገዛ ልጆቻችሁንም ከእብድ ውሻ ማዳን ነው።

ለመማር ለምትፈልጉ፣ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ኮሌጅ በደንና በዱር እንስሳት የቆየ ስም አለው። ለጎጃም ልጅ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ቅርብ ናቸው። ታንዛንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የምዌካ የዱር እንስሳት ኮሌጅም ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኗል። ብሔራዊ ፓርኮችን ለማስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ማስታወቂያውን መከታተል አይከፋም። ከመግባታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ብርድና ብቸኝነት እችላለሁ? ከገበሬ ጋር ሳልኮራ መነጋገር እችላለሁ? ውጤቱን ለማየት አሥር ዓመት መጠበቅ እችላለሁ? አንዱን «አይ» ካላችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ፤ ነውር የለውም።

ለፍቅረኞች፦ ገና ሳትጫጩ ስለ ርቀቱና ስለ ደመወዙ በግልጽ ተነጋገሩ። «ፍቅር ካለ ሁሉም ይሆናል» የሚባለው ለዘፈን ነው። ማን የት ይኖራል? ልጅ ሲወለድ ማን ያግዛል? ፈቃድ በዓመት ስንት ቀን ነው? እነዚህን ቆጥራችሁ ግቡ።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ እንግዳ የሆነ ሥራ ይዞ ሲመጣ፣ እምቢ ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁት ውጡ። የሚሠራውን በዓይናችሁ እዩ። ዘበኛ ማለት ስድብ አይደለም። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ የነቃ ሰው ማለት ነው። ጮቄ ላይ እንዲህ ያለ ሰው በጊዜው ቢኖር ኖሮ፣ የጎጃም ልጅ ዛሬ ቀበሮ ለማየት ባሌ ድረስ ባልሄደ ነበር።

ለዛሬው ይብቃን። በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ወሬ ያሰማን። ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን!